ለእህቴ ሰርግ የትኛውን ሻምፓኝ ልግዛ? እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው። በጥር እህቴ ታገባለች። ኬክ ሲቆረስ የሚከፈተውን ሻምፓኝ የመግዛት ኃላፊነት እኔ ላይ ወድቋል። እውነቱን ልናገር፣ ጨንቆኛል።

ባለፈው ለወንድሜ ምርቃት «ብሩት» የሚል ጠርሙስ ገዛሁ። እማዬ አንዴ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። ብርጭቆውን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጠችው። ጠጅ የለመደ አፍ ነው፣ ጎመዘዛት። ነገሩ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማየት ጀመርኩ። ብሩት በሊትር ከ12 ግራም በታች ስኳር ነው ያለው። «ኤክስትራ ድራይ» ስሙ ቢያሳስትም ከብሩት ይጣፍጣል፤ ከ12 እስከ 17 ግራም ነው። «ደሚ ሴክ» ግን ከ32 እስከ 50 ይደርሳል። ለኬክ ደሚ ሴክ የሚሻል መሰለኝ። ወጣቶቹ ደግሞ በጣም ጣፋጭ አይወዱም። ፕሮሴኮ የሚባለው የጣሊያን አረፋማ ወይን፣ ኤክስትራ ድራይ የሆነው፣ ሁለቱን ያስታርቅልኝ ይሆን? ዋናው የፈረንሳዩ ሻምፓኝ ከአቅሜ በላይ ነው።

ሌላው፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ነው የማመጣው። ከመከፈቱ በፊት ስንት ቀን ላሳርፈው? ለሰርግ ገዝታችሁ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ። እማዬ በዚህኛው ብርጭቆዋን እንድትጨርስ ነው የምፈልገው።