በቤት ለሚሠራ ተንቀሳቃሽ የባትሪ ሳጥን፣ ቢኤምኤስ ካለ ፊውዝ ለምን ያስፈልጋል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል፣ ሲያስፈልግም በእጅ ተይዞ ወደ ሌላ ቦታ የሚሄድ የባትሪ ሳጥን በራሴ ለመሥራት አስቤአለሁ። የማሠራባቸው ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፤ 60 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ ለ4 ሰዓት፣ 10 ዋት የሚወስድ ራውተር ለ8 ሰዓት፣ እያንዳንዳቸው 9 ዋት የሆኑ ሁለት አምፖሎች ለ5 ሰዓት፣ አልፎ አልፎም 800 ዋት የሆነች ትንሽ የውሃ ማፍያ። ዕቅዴ 100 አምፒር-ሰዓት የሆኑ አራት የሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴሎችን በተከታታይ አገናኝቼ፣ 100 አምፒር የሚችል ቢኤምኤስ (የባትሪ ሴሎችን የሚጠብቅ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) እና የባትሪውን ኃይል ወደ 230 ቮልት የሚለውጥ 1000 ዋት ኢንቨርተር ጨምሬ ሁሉንም በአንድ የፕላስቲክ የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

ያልጠሩልኝ ነገሮች አሉ። የመኪና ዓይነት የሊድ አሲድ ባትሪ ብጠቀም ምን ያህል ይጎዳኛል? ከቤት ዝርጋታ የተረፈኝ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ አለ፤ ለምድጃ የሚበቃ ከሆነ ለዚህ የማይበቃበት ምክንያት አይታየኝም። ደግሞም ቢኤምኤሱ ሾርት ሲፈጠር ራሱ የሚያቋርጥ ከሆነ ሌላ ፊውዝ መጨመር ትርፍ ወጪ አይሆንም?

መልስ 1

በመጀመሪያ የኃይሉን ሂሳብ እንሥራ። ላፕቶፑ 240፣ ራውተሩ 80፣ አምፖሎቹ 90 ዋት-ሰዓት ስለሚወስዱ ድምሩ 410 ይሆናል። የውሃ ማፍያዋ በዋት ብዛት ብታስፈራም የምትሠራው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ 1 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ እስከ 100 ለማድረስ 93 ዋት-ሰዓት ገደማ ይበቃል። እርስዎ ያሰቡት ባትሪ 12.8 ቮልት በ100 አምፒር-ሰዓት ሲባዛ 1280 ዋት-ሰዓት ስለሚይዝ፣ የኢንቨርተሩን ብክነት ቀንሰንና ባትሪው እስከ መጨረሻው እንዳይራገፍ ጥቂት አስቀርተን እንኳን ይተርፍዎታል።

ሊድ አሲድን በተመለከተ፣ ዕድሜው እንዲረዝም ከተፈለገ ከግማሽ በላይ ባይራገፍ ይመረጣል። ስለዚህ በስም 100 አምፒር-ሰዓት የሆነው ባትሪ በተግባር 50 ገደማ ይሰጥዎታል፤ ክብደቱም 30 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። አራቱ የሊቲየም ሴሎች ግን ተደምረው 8 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆኑ፣ ለሚሸከሙት ሳጥን ምርጫው እምብዛም አያከራክርም።

ብዙዎች የሚዘነጉትን አንድ ነገር ልጨምር። ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት በርቶ ሲቆይም ኃይል ይበላል፤ 10 ዋት እንኳን ቢወስድ በ8 ሰዓት ውስጥ ራውተሩን ያህል በላ ማለት ነው። ስለዚህ ራውተርዎ በ12 ቮልት የሚሠራ ከሆነ በኢንቨርተር አያሳልፉት። ይሁን እንጂ ባትሪው ሲሞላ ከ14 ቮልት ስለሚያልፍ በቀጥታ ከማገናኘት ይልቅ ቮልቴጁን በ12 ላይ የሚያጸና ትንሽ መለወጫ በመካከል ያስገቡ።

መልስ 2

የሽቦውና የፊውዙ ጥያቄ ከሁሉም የሚበልጥ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ሽቦን የሚያግለው ዋቱ ሳይሆን በውስጡ የሚያልፈው አምፒር ነው። ባለ 800 ዋቷ ማፍያ በ230 ቮልት መስመር ላይ 3.5 አምፒር ገደማ ብቻ ስትወስድ፣ በኢንቨርተሩ በኩል ከባለ 12 ቮልት ባትሪ ግን 75 አምፒር አካባቢ ትስባለች። ኢንቨርተሩ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ደግሞ 95 አምፒር ይደርሳል። መሄጃውና መመለሻው እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ቢሆኑ፣ ያ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ በ75 አምፒር 33 ዋት ያህል ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ይህም በተዘጋ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ የሚሆን ነገር ነው። በ25 ሚሊ ሜትር ካሬ ኬብል ብክነቱ ወደ 8 ዋት ይወርዳል፤ ርዝመቱን ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ካሳጠሩት ደግሞ ጭራሽ የሚነገር አይሆንም። ለምድጃ የበቃውን ሽቦ እዚህ ያምጡት ማለት አልችልም።

ወደ ፊውዙ ስመጣ፣ ቢኤምኤስ ሴሎቹን የሚጠብቅ ሰሌዳ እንጂ የፊውዝ ምትክ አይደለም። አንደኛ፣ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው በኔጌቲቩ በኩል ስለሆነ፣ በሴሎቹ መካከል ወይም በሴሎቹና በእርሱ መካከል የሚፈጠርን ሾርት ሊያቋርጥ አይችልም። ሁለተኛ፣ መስመሩን የሚከፍቱትና የሚዘጉት ሞስፌቶች ሲቃጠሉ ብዙውን ጊዜ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ማለትም አቋርጥ በሚባሉበት ሰዓት ማቋረጥ ያቅታቸዋል። የአንድ ትልቅ ሴል የውስጥ ሬዚስታንስ (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታው ባሕርይ) ከ1 ሚሊ ኦም በታች መሆኑን ያስታውሱ። የአራቱ ሴሎችና የማገናኛዎቹ ድምር 4 ሚሊ ኦም ቢሆን እንኳን በሾርት ጊዜ 3200 አምፒር ይፈሳል፤ ይህ ደግሞ ቺያቬን ከባትሪው ተርሚናል ጋር የሚበይድ ኃይል ነው።

በዚህ ምክንያት ማንኛውም ፊውዝ ይበቃል ማለት አይደለም። የመኪና ባለ ምላጭ ፊውዝ በአብዛኛው 1000 አምፒር ብቻ ነው በደህና ማቋረጥ የሚችለው፤ ከዚያ በላይ ከመጣበት ውስጡ ቀልጦም ብልጭታው ክፍተቱን ተሻግሮ ሊቀጥል ይችላል። ክላስ ቲ የሚባለው ዓይነት 20,000 አምፒር የማቋረጥ አቅም ስላለው ለሊቲየም የሚመረጠው እርሱ ነው። ለእርስዎ ሥራ 125 አምፒር የሆነውን ከ25 ሚሊ ሜትር ካሬ ኬብል ጋር ይጠቀሙ፤ በባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ፣ ቢቻል ከ20 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ ያስሩት። ፊውዝ የሚጠብቀው ከእርሱ ወዲያ ያለውን ኬብል ብቻ ስለሆነ፣ በኢንቨርተሩ ደጃፍ ላይ ማሰር ዋናውን ኬብል ያለ ጠባቂ መተው ነው።

መልስ 3

በአንድ ነጥብ እለያለሁ። ማፍያዋ የምር አስፈላጊ ከሆነች፣ ለምን 50 አምፒር-ሰዓት የሆኑ ስምንት ሴሎች ወስደው በ24 ቮልት አይሠሩትም? የሚይዘው ኃይል ያው ሆኖ አምፒሩ በግማሽ፣ በኬብሉ ላይ የሚባክነው ሙቀት ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል። በእርግጥ ለ12 ቮልት ዕቃዎች መለወጫ የግድ ይሆናል፤ የሚጠበቁት ሴሎችም ይበዛሉ። በእኔ ግምት እስከ 1000 ዋት ድረስ 12 ቮልት ያስኬዳል፤ ከዚያ በላይ ለመሄድ ሐሳብ ካለዎት ግን ከአሁኑ ቢወስኑ ይሻላል።

መልስ 4

ስለ አገጣጠሙ ጥቂት ልበል። ሴሎቹን በተከታታይ ከማሰርዎ በፊት ሁሉም በእኩል ደረጃ መሙላት አለባቸው። በመጀመሪያ በቢኤምኤሱ በኩል አንዱ ሴል ሞልቶ እስኪያቋርጥ ድረስ ይሙሏቸው፤ ከዚያ ፈትተው ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ በማገናኘት፣ አስቀድሞ በ3.65 ቮልት ላይ በተስተካከለ መሙያ አምፒሩ በጣም እስኪቀንስ ያቆዩአቸው። የመጀመሪያውን እርምጃ ዘልለው ግማሽ ከሞሉ ሴሎች ከጀመሩ፣ 10 አምፒር በሚሰጥ መሙያ ሥራው 20 ሰዓት ይፈጃል።

ቺያቬውን እስከ ጫፉ ድረስ በናስትሮ ጠቅልለው ብሎኑን የሚነካው ክፍል ብቻ እንዲታይ ያድርጉ፤ ቀለበትና የእጅ ሰዓትም ያውልቁ። የሴሎቹ ሽፋን አሉሚኒየም ስለሆነና ስስ የፕላስቲክ ልባሱ በመነካካት ስለሚላጥ፣ በእያንዳንዳቸው መካከል ፋይበር ግላስ ወይም ሌላ ጠንካራ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ገበታ ያስገቡ። ሳጥኑ የሚንቀሳቀስ በመሆኑ ብሎኖቹ እንዳልላሉ በየጊዜው መፈተሽ ይኖርብዎታል፤ የላላ ማሰሪያ ከቀጭን ሽቦ ይበልጥ ይግላል።

መሙያው ለሊቲየም አይረን ፎስፌት የተሠራ፣ ከ14.6 ቮልት የማያልፍ ይሁን። ሴሎቹ ከ0 ዲግሪ በታች ቀዝቅዘው ሳሉ አይሙሏቸው፤ ሊቲየሙ በብረት (ሜታል) መልክ በውስጣቸው ስለሚለጠፍ ጉዳቱ አይመለስም። የቀረውን ኃይል በቮልት ለመገመትም አይሞክሩ፤ በአብዛኛው ጊዜ በ13 ቮልት አካባቢ ስለሚቆም፣ ገቢና ወጪውን የሚቆጥር ባለ ሻንት መለኪያ ያስፈልጋል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በ12 ቮልት እቀጥላለሁ፤ ኬብሉንና ፊውዙንም በተባለው መሠረት እለውጣለሁ። የቀረኝ ጥያቄ፣ አምፖሎቹ በጣራ ላይ ያሉ በመሆናቸው ከሳጥኑ የሚወጣውን መስመር በግድግዳ ሶኬት ላይ ሰክቼ ላበራቸው እችላለሁን?

መልስ 2

ፈጽሞ አያድርጉት። ለዚህ የሚሠራው በሁለቱም ጫፉ ወንድ ሶኬት ያለው ገመድ አንዱ ወገን ሲሰካ የሌላው ጥርሶች ኤሌክትሪክ ተሸክመው በባዶ እጅ ላይ ይቀራሉ። ኃይሉም ከቤት አልፎ ወደ ውጭው መስመር ስለሚወጣ፣ መስመሩ ሞቷል ብሎ የሚጠግን ሠራተኛ ሊገደል ይችላል። መብራቱ በድንገት ሲመለስ ደግሞ ኢንቨርተርዎ ይቃጠላል። ወይ የተለየ የጠረጴዛ አምፖል በቀጥታ ከሳጥኑ ይጠቀሙ፤ ወይም ሁለቱ ምንጮች በምንም መንገድ እንዳይገናኙ የሚያደርግ ቼንጅ ኦቨር በባለሙያ ያስገጥሙ።