ከመተግበሪያዎቹ በላይ ዕድሜ የሚኖረው ማስታወሻ እንዴት ይቀመጣል?

ጥያቄ፦ መዝገብ ያዥ

ጤና ይስጥልኝ። ያነበብኩትን፣ ያሰብኩትን፣ ፕሮግራም ስጽፍ የገጠመኝን ችግርና የፈታሁበትን መንገድ በኮምፒውተር መመዝገብ ከጀመርኩ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ማስታወሻዎቹ ለሌላ ሰው ያን ያህል ዋጋ ላይኖራቸው ይችላል፤ ለእኔ ግን ሐሳቤ እንዴት እየተለወጠ እንደመጣ የማይባቸው ማስረጃዎች ስለሆኑ እሳሳላቸዋለሁ። የሚያስቸግረኝ መጻፉ ሳይሆን የጻፍኩት የሚያርፍበት ቦታ መረጋጋት ማጣቱ ነው። አንድን መተግበሪያ ለምጄ፣ ጣቶቼ የቁልፍ አቋራጮቹን ሳላስብ ከሚያገኙበት ደረጃ ስደርስ፣ አምራቹ ለሌላ ድርጅት ይሸጠዋል፤ አለዚያ ከእንግዲህ በየወሩ ካልተከፈለበት አይሠራም ይባላል፤ ይህ ሁሉ ባይሆን እንኳ አፕዴት ተደርጎ በማግስቱ ስከፍተው፣ በአንድ ንክኪ ይገኝ የነበረው ነገር ከምናሌ ሥር ምናሌ ውስጥ ገብቶ አገኘዋለሁ። ትቼው ልሂድ ብዬ ማስታወሻዎቼን ሳስወጣ ደግሞ ጽሑፉ ይወጣል እንጂ የተጻፈበት ቀን፣ አንዱን ማስታወሻ ከሌላው ያያያዝኩበት ሊንክና በመካከል የገቡት ምስሎች ተቆራርጠው ይቀራሉ።

በዚህ ላይ በጣም የቆዩ ፋይሎች አሉኝ። ከፊሎቹ ዛሬ በማይሠራ የጽሑፍ ማዘጋጃ የተጻፉ ናቸው። ሌሎቹ ዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት በአንድ የቁጥር ሠንጠረዥ የያዘው መስፈርት) ሳይስፋፋ በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች ስለተተየቡ፣ ስከፍታቸው የሚታየኝ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ነው።

ከዛሬ ሃያ ወይም ሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ምናልባትም ከእኔ ሌላ በሆነ ሰው እጅ፣ ያለ ችግር ሊከፈት የሚችለው አቀማመጥ የትኛው ነው? ሁሉንም ወደ ክላውድ ማስገባት ይበቃል? ሌላም የምጠይቀው አለኝ። መሣሪያው በተለወጠ ቁጥር ከማስታወሻው ይልቅ ስለ መሣሪያው ሳስብ እውላለሁ፤ በዚህ ያለፋችሁ ሰዎች እንዴት እንደተገላገላችሁት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ጥሬ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ መዝገብ ያዥ። የትኛው መተግበሪያ ይሻላል የሚለውን ለጊዜው ወደ ጎን ትተው ከፋይሉ ፎርማት እንዲጀምሩ እመክራለሁ፤ መተግበሪያ ሲለወጥ የምንጎዳው ፎርማቱ የእርሱ የብቻው ሲሆን ነውና። በኮምፒውተር ዓለም ረጅም ዕድሜ ካስቆጠሩት ፎርማቶች ዋነኛው ጥሬ ጽሑፍ፣ ማለትም ያለ ፎንትና ያለ ማስዋቢያ ፊደላቱ ብቻ የተቀመጡበት ፋይል ነው። አስኪ የተባለው የፊደላት ኮድ በመስፈርትነት የወጣው በ1963 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 ዩኒኮድን በባይት የሚጽፈውን ዩቲኤፍ-8ን ሲነድፉ ደግሞ ማንኛውም የአስኪ ፋይል አንድም ባይት ሳይለወጥ ትክክለኛ የዩቲኤፍ-8 ፋይል እንዲሆን አድርገው ስለነደፉት፣ በ1970ዎቹ በአስኪ የተጻፈ ሰነድ ባይቶቹ እስከተረፉ ድረስ ዛሬ በየትኛውም ስልክና ኮምፒውተር ይነበባል። ርዕስ፣ ዝርዝርና ሊንክ ያስፈልገኛል ካሉ በ2004 የወጣው ማርክዳውን አለ። ማርክዳውን ከጥቂት ምልክቶች በቀር ከጥሬ ጽሑፍ ስለማይለይ፣ ምልክቶቹን የሚተረጉም ፕሮግራም ከነጭራሹ ቢጠፋ እንኳ ሰው በዓይኑ አንብቦ ይረዳዋል።

ለማንኛውም ፎርማት የምጠቀምበት ፈተና ይኸው ነው፤ ከኮምፒውተሩ ጋር በሚመጣው በጣም ቀላል የጽሑፍ አርታኢ ፋይሉን እከፍተዋለሁ፣ የጻፍኩትን ማንበብ ከቻልኩ አልፏል። በዚህ መለኪያ የዎርድ ፋይሎች እንኳ አንድ ዓይነት አይደሉም። ከኦፊስ 2007 ጀምሮ የመጣው ዶክኤክስ የሚባለው ፎርማት በውስጡ ኤክስኤምኤል የተባሉ በጽሑፍ የተጻፉ ፋይሎችን የያዘ ዚፕ (የታሸገ ጥቅል) ስለሆነ ዎርድ በሌለበትም ቢፈቱት ጽሑፉ ይገኛል፤ ከእርሱ በፊት የነበረው ዶክ ግን ባይነሪ (በሚነበብ ጽሑፍ ሳይሆን በማሽን ቁጥሮች የተቀመጠ) ነውና የሚፈታው ፕሮግራም እስካለ ድረስ ወደ አዲሱ ማዛወር ይበጃል። ማስታወሻዎችዎ ብዙ መተግበሪያዎች መረጃቸውን በሚያስቀምጡበት በኤስኪውላይት ዳታቤዝ ውስጥ ከሆኑ ብዙ አይጨነቁ፤ አዘጋጆቹ እስከ 2050 እ.ኤ.አ. ድረስ ለፎርማቱ ድጋፍ እንደሚሰጡ በይፋ ያሳወቁ ናቸው።

ቀኑ ለምን እንደሚጠፋ ላስረዳ። ፋይሉ የተፈጠረበት ወይም የተሻሻለበት ቀን የሚቀመጠው በፋይሉ ይዘት ውስጥ ሳይሆን በፋይል ሥርዓቱ መዝገብ ላይ ስለሆነ፣ ሲገለበጥ፣ ሲታሸግና ከአንድ ሥርዓት ወደ ሌላ ሲሻገር በቀላሉ ይለወጣል። ስለዚህ ቀኑን በማስታወሻው የመጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፉት፣ በፋይሉም ስም ላይ ይድገሙት። አይኤስኦ 8601 የተባለው የቀን አጻጻፍ መስፈርት እንደሚያዘው ዓመቱን አስቀድመው፣ ወሩንና ቀኑን አስከትለው በሁለት በሁለት አኃዝ ከጻፉ፣ ፋይሎቹ በስም ሲደረደሩ ሳይታዘዙ በጊዜ ቅደም ተከተል ይቆማሉ። ምስሎችን ከማስታወሻው አጠገብ ባለ ፎልደር ያኑሩና በፋይል ስማቸው ይጥቀሱ፤ እንዲህ ከሆነ ፎልደሩ በሙሉ ወደ ፈለጉት ቦታ ቢዛወር ግንኙነቱ አይበጠስም።

መልስ፦ ብራና

ከላይ በተባለው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ፎርማቱ ያማረ ፋይል የተቀመጠበት ዕቃ ከሞተ አብሮ ይሞታል። ክላውድ ይበቃል ወይ ላሉት መልሴ አይበቃም ነው። አብዛኛው ሰው ክላውድ የሚለው አገልግሎት የሚሠራው ማመሳሰል ነው፤ በስልክዎ ላይ የሰረዙት ማስታወሻ ከሁሉም መሣሪያ ይሰረዛል፣ የተበላሸ ፋይልም ከነብልሽቱ በየቦታው ይባዛል። የተሰረዘውን ለተወሰኑ ቀናት የሚያቆዩ አገልግሎቶች ቢኖሩም ጉድለቱን የሚያስተውሉት ከወራት በኋላ ከሆነ አይጠቅሙዎትም። አገልግሎቱም ራሱ ሊዘጋ ይችላል። ጂኦሲቲስ በ1990ዎቹ እጅግ ብዙ ሰዎች የግል ገጾቻቸውን ያኖሩበት ቦታ ነበር፤ ያሁ በ1999 ገዛው፣ በ2009 ዘጋው፤ ከዚያ ውስጥ ዛሬ የሚገኘው በጎ ፈቃደኞችና የድረ ገጾችን ቅጂ የሚያከማቸው ኢንተርኔት አርካይቭ ተሯሩጠው የገለበጡት ነው።

ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው የ3-2-1 ደንብ ለግል ሰውም ይበቃል። ሦስት ቅጂ ይኑርዎ፤ ቅጂዎቹ በሁለት የተለያዩ ዓይነት ማከማቻዎች ላይ ይሁኑ፤ አንዱ ከቤትዎ ውጭ ይቀመጥ። ክላውድን ከሦስቱ እንደ አንዱ ቢቆጥሩት ተገቢ ቦታው ነው። ፍላሽንና ኤስኤስዲን (የሚሽከረከር አካል የሌለውን ዲስክ) በመሳቢያ ውስጥ ለዓመታት አኑሮ መተማመን ግን አይመከርም፤ መረጃውን የሚይዙት በኤሌክትሪክ ሙል ስለሆነ ኃይል ሳያገኙ ብዙ ሲቆዩ ያ ሙል ቀስ በቀስ ይፈሳል። ሃርድ ዲስክ በዚህ በኩል ቢሻልም የሚሽከረከር አካል ስላለው እርሱም አልፎ አልፎ መነቃቃት አለበት።

ሰው ቸል የሚለው ሌላው ጉዳይ ቅጂው በእርግጥ ያው ፋይል መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ከፋይሉ ይዘት አጭር መለያ የሚያወጣውን ኤስኤችኤ-256 የሚባለውን ስሌት በእያንዳንዱ ፋይል ላይ አስኪደው ውጤቱን (ቼክሰም ይሉታል) በአንድ የጽሑፍ ፋይል ቢያስቀምጡ፣ በዓመቱ ደግመው ሲያስኬዱት አንዲት ቢት ተለውጣ እንደሆነ ይነግርዎታል። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም ከቅጂው ላይ ጥቂት ፋይሎችን በሌላ ኮምፒውተር አውርደው ይክፈቱ። ተከፍቶ ያልታየ መጠባበቂያ ቅጂን እኔ እንደ ቅጂ አልቆጥረውም።

መሣሪያ ከይዘቱ ቀድሞ እንደሚያረጅ የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ ልጨምር። በእንግሊዝ በ1086 የተዘጋጀው ዱምስዴይ የተባለው የመሬትና የሀብት መዝገብ 900ኛ ዓመቱን ሊያከብር ሲል፣ ቢቢሲ በ1986 በሕዝብ ተሳትፎ ዘመናዊ አቻውን አዘጋጅቶ በሌዘር ዲስክ አወጣ። ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ዲስኩን የሚያነብ መሣሪያ ብርቅ ሆነ፣ የሊድስና የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎችም የድሮውን ኮምፒውተር በሶፍትዌር አስመስለው ይዘቱን ለማስነሳት ሥራ ገቡ። በብራና የተጻፈው የ1086ቱ መዝገብ በዚያው ጊዜ እንደ ወትሮው ይገለጥ ነበር።

መልስ፦ ፊደል ለቃሚ

ስለ አሮጌዎቹ የግዕዝ ፋይሎች ብቻ እጽፋለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ሊድን የሚችል ጽሑፍ ተስፋ ቆርጦ ሲጥል ማየት ያሳዝነኛል። መዝገብ ያዥ፣ ፋይሎችዎ አልተበላሹም። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው እትም 3.0 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የፎንት አዘጋጅ ፊደሎቻችንን የላቲን ፊደላት በሚቀመጡባቸው ቁጥሮች ላይ በራሱ ቅደም ተከተል ይደረድር ነበር። በአንድ ባይት ሊወከሉ የሚችሉት 256 ቁጥሮች ብቻ ስለሆኑና ፊደላችን ከነአኃዙና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከዚያ ስለሚበልጥ፣ አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች ከፋፈሉት፤ ሌሎቹም መሠረታዊውን ቅርጽና የእግሩን ወይም የራሱን ቅጥያ ለየብቻ አድርገው በሁለት ምልክት አንድ ፊደል እንዲሠራ አደረጉ። ዛሬ የምልክት ክምር ሆኖ የሚታይዎት፣ ቁጥሮቹ እንዳሉ ሆነው የፎንቱ ሠንጠረዥ ስለሌለ ነው።

ስለዚህ የፎንቱ ስም ቁልፍዎ ነው፣ እርሱንም የሚያገኙት በዋናው ሰነድ ውስጥ ነው። ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎ፣ ከላይ የተሰጠውን መልካም ምክር ተከትለው እነዚህን ፋይሎች ወዲያው ወደ ጥሬ ጽሑፍ እንዳይቀይሩ ነው። ጥሬ ጽሑፍ የፎንት ስም አይዝም፤ ስሙ ከጠፋ ደግሞ የትኛው ክፍል በእርግጥ እንግሊዝኛ እንደነበረና የትኛው አማርኛ እንደሆነ፣ በተከፋፈሉት ፎንቶችም የትኛው ምልክት ከየትኛው ፎንት እንደመጣ ፕሮግራም ሊለየው አይችልም። መጀመሪያ ዋናውን እንዳለ ቅጂ ያድርጉለት፤ ፎንቱ በእጅዎ ካለ ጫኑትና ሰነዱን ወደ ፒዲኤፍ አትሙት፤ ይህ በኋላ ለማመሳከሪያ ይሆንዎታል። የድሮውን ፎንት ቁጥሮች ወደ ዩኒኮድ የሚለውጠውን የመቀየሪያ ሠንጠረዥ ቢያጡት እንኳ ከዚህ ፒዲኤፍ ጋር እያስተያዩ ራስዎ ሊሠሩት ይችላሉ፤ ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው ከባድ አይደለም፣ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው።

ከተቀየረም በኋላ አንድ ነገር ያስተካክሉ። በዚያ ዘመን ብዙዎቻችን አራት ነጥብን የምንተይበው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት ነበር፤ በዓይን አንድ ቢመስሉም ለኮምፒውተር ሁለት ምልክቶች ስለሆኑ ፍለጋና ዓረፍተ ነገር መለየት ይሰናከላል። ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ በትክክለኛው አራት ነጥብ ይተኩ።

መልስ፦ መዝገብ ያዥ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የፎንቱን ስም ጉዳይ ባላነብ ኖሮ በዚህ ሳምንት ሁሉንም ወደ ጥሬ ጽሑፍ ልገለብጥ ተዘጋጅቼ ነበር። ያልተመለሰልኝ የመጨረሻው ጥያቄዬ ነው፤ ይህ ሁሉ ሥራ ራሱ ስለ መሣሪያ ማሰብ ስለሆነ መቼ ተቀምጬ እንደምጽፍ አልታየኝም።

መልስ፦ እርጋታ

መዝገብ ያዥ፣ ከቀደሙት ወንድሞችና እኅቶች በአንድ ነጥብ እለያለሁ፤ ሁሉም ነገር መትረፍ አለበት ብዬ አላምንም። ድካሙን የሚያበዛው ሁሉንም እኩል ለማዳን መሞከር ነው። በማስታወሻዎችዎ መካከል አንድ ጊዜ ያስፈለገ የስህተት መልእክት፣ ሊንኩ የሞተ ጽሑፍ፣ ከሌላ ቦታ የተገለበጠ መመሪያ ብዙ እንደሚኖር እገምታለሁ። እነዚህ ባሉበት ይቆዩ፤ ቢጠፉም ይጥፉ። በራስዎ ቃል ያሰቡበትን ግን ለይተው በአንድ ፎልደር ሰብስቡና 3-2-1ን፣ ቼክሰሙንና የቀኑን ሥርዓት በእርሱ ላይ ብቻ ያውሉ። እንዲህ ሲሆን ሥራው በዓመት ከአንድ ቀን የሚበልጥ አይመስለኝም። ቀኑንም አስቀድመው ይወስኑ፤ በሌላው ጊዜ ስለ አቀማመጡ ላለማሰብ ፈቃድ የሚሰጥዎ እርሱ ነው።

አዲስ መተግበሪያ ሲያምርዎ አንድ ማስታወሻ እንኳ ሳያስገቡበት በፊት ማውጫ መንገዱን ይፈትኑ። ሦስት የሙከራ ማስታወሻዎችን ከነምስልና ከነሊንክ ጽፈው ያስወጧቸው፤ የወጣው ነገር «ጥሬ ጽሑፍ» የተባለው መላሽ አሳምሮ ባስረዳው ቀላል አርታኢ ካልተነበበ መተግበሪያው የቱንም ያህል ቢያምር ይተዉት። ደጋግመው ከመቀየር የሚያድንዎ ይህ ጥንቃቄ ነው እንጂ የሚለወጥ ነገርማ ሁልጊዜ ይኖራል።

በሌላ ሰው እጅ ስለ መከፈቱም ጠይቀው ነበርና ስለ ኢንክሪፕሽን (ፋይልን በይለፍ ቃል ስለ መቆለፍ) ላንሳ። ከቤት ውጭ ያለውን ቅጂ መቆለፍ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ቁልፉ ከጠፋ ማንም ሊከፍተው አይችልም፣ የአገልግሎቱ ባለቤት እንኳ። ይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፈው፣ በምን ፕሮግራም እንደተቆለፈና ቅጂዎቹ የት የት እንዳሉ በሁለት መስመር አስከትለው፣ ለሚያምኑት ሰው በታሸገ ፖስታ ይስጡት። ይለፍ ቃሉን በቀየሩ ቁጥር ፖስታውም መቀየር እንዳለበት በዚያው በዓመቱ ቀን ዝርዝር ላይ ያስፍሩት።