የእማዬ ካፕሱል አልዋጥ አለ፤ በወተት ብሰጣትስ?

የዲምቷ ልጅ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እማዬ የጨጓራ መድኃኒቷን መዋጥ አቃታት፤ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል ትላለች። ካፕሱሉን ከፍቼ ውስጡ ያሉትን ነጫጭ ፍሬዎች ወቅጬ በትኩስ ወተት ልሰጣት ነው። ያለነው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ በዚህ ሰዓት ክፍት ፋርማሲ የለም። ችግር አለው?

አቦል፦ ተልባ በጥብጠሽ ስጫት። የእኔ እናት በሱ ነው የዳነችው።

ነጭ ጋውን፦ ቆይ፣ የመድኃኒቱ ስም ማን ነው?

የዲምቷ ልጅ፦ ኦሜፕራዞል ነዋ! ሙቀጫው እጄ ላይ ነው።

ነጭ ጋውን፦ አስቀምጪው። ኦሜፕራዞል አሲድ አይችልም፤ ጨጓራ ውስጥ ራቁቱን ከገባ ይበላሻል። እያንዳንዷ ፍሬ በፖሊመር (እንደ ረጅም ሰንሰለት በተያያዙ ሞለኪውሎች) የተሸፈነችው ለዚህ ነው። ሽፋኑ ያለበትን ቦታ ያውቃል። ባዶ ጨጓራ ውስጥ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ1 እስከ 3 ገደማ ነው፤ እዚያ ድርቅ ብሎ ይዘጋል። ትንሹ አንጀት ደርሶ ፒኤቹ ከ5.5 ገደማ ሲያልፍ የፖሊመሩ ሰንሰለቶች አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይይዛሉ፣ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ ሽፋኑም ይሟሟል። ተመራማሪዎች ይህንኑ ሐሳብ ወደ ናኖ ካፕሱል፣ ማለትም በዓይን ወደማይታይ እጅግ ደቃቅ ካፕሱል አውርደውታል። በሙቀት ወይም በብርሃን የሚከፈቱም አሉ። የብዙ ዕጢዎች ዙሪያ ከጤነኛው ሥጋ ትንሽ አሲድ ስለሚበዛበት የካንሰር መድኃኒት እዚያ ሲደርስ ብቻ እንዲለቀቅ...

አቦል፦ ወንድሜ፣ ሴትየዋ ኪኒን መዋጥ አቅቷታል፣ አንተ ናኖ ውስጥ ገባህ!

ዝም አይነቅዝም፦ ወተቱንም ተይው። ፒኤቹ 6.7 አካባቢ ነው፤ ሽፋኑ ገና ብርጭቆ ውስጥ እያለ አንጀት የደረሰ ይመስለዋል። ፍሬዎቹን ሳትወቅጪ አንድ ማንኪያ የብርቱካን ጭማቂ ላይ በትኛቸው። ሳታኝክ ትዋጠው፣ ውሃ ታስከትልበት። በጥብጠሽ አታሳድሪው።

የዲምቷ ልጅ፦ ብርቱካን እኮ ጨጓራዋን ይልጣታል!

ዝም አይነቅዝም፦ ማንኪያ ነው ያልኩት፣ ጆግ አላልኩም። ካስፈራሽ በንጹሕ ውሃ አድርጊው፤ ወዲያው ትጠጣው።

ማሚ ኮዬ፦ እንዳትወቅጪው እህቴ!!

አቦል፦ ተብሏል እኮ ማሚ።

ጎረቤት፦ እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። የሚቆምባት ካፕሱሉ ብቻ ነው ወይስ እንጀራም? ምግብ ጭምር ከሆነ ነገሩ የካፕሱል አይደለም። መድኃኒቱን ማቅለሉን ትተሽ ቶሎ ሐኪም አሳያት። ክብደትስ ቀንሳለች?

ማሚ ኮዬ፦ ልጅቷ ጠፋች። እኔም ልጠይቅ፤ የባለቤቴ የስኳር ኪኒን ሜትፎርሚን ነው፣ ጎኑ ላይ ኤክስአር ይላል። እሱስ ይወቀጣል?

ነጭ ጋውን፦ አይወቀጥም። ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ ነው፤ ከደቀቀ የቀኑ ሁሉ በአንዴ ይለቀቃል። መዋጥ ካቃታቸው ተራውን እንዲያዝላቸው ሐኪማቸውን ጠይቂ።