ለየትኛው ድምር ነው የማካፍለው?

ሰላም፣ እስኪ አንድ ነገር አስረዱኝ። የመልመጃው ሠንጠረዥ 200 ተማሪዎች ከስፖርትና ከሙዚቃ የቱን እንደመረጡ ያሳያል። ከ120 ሴቶች 48ቱ፣ ከ80 ወንዶች ደግሞ 56ቱ ስፖርት ብለዋል።

ማካፈሉ አይደለም የከበደኝ። ያቺ 48 ናት ያዞረችኝ! ለ200 ሳካፍላት 24 በመቶ ትሆናለች። ለ120 ሲሆን 40፣ ስፖርት ለመረጡት 104 ሲሆን ደግሞ 46 ገደማ። ጥያቄው «ስፖርት የመረጡ ሴቶች ስንት በመቶ ናቸው?» ብሎ ዝም። ከማን ውስጥ? እኔ ከጠቅላላው ይመስለኛል።

ቀጥሎ ፆታና ምርጫ ይገናኛሉ ወይ ይላል። ሁለቱንም ለ200 አካፍዬ የሴቶቹን 24 በመቶ ከወንዶቹ 28 በመቶ ጋር ሳስተያይ ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ 48ን ለ120፣ 56ን ለ80 አካፍዬ 40ን ከ70 ጋር ሳስተያይ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የትኛውን ጥንድ ነው ማወዳደር ያለብኝ? ለምንስ? ምክንያቱን ጭምር ብትነግሩኝ ውለታ ነው።