እርዳታ! የኋላ ጎማዬ እየተለጠፈ ይተነፍሳል፣ ላውደር አጠገብ ቆመናል

ሰላም በፔዳል
ጓዶች፣ ቶሎ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ። የኋላ ጎማዬን ለጠፍኩት፣ ትንሽ ሄድን፣ ተነፈሰ። እንደገና ለጠፍኩት፣ እንደገና ተነፈሰ። ትርፍ ካላማዳሪ (የውስጥ ጎማ) የለኝም። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነኝ፣ የሱ የጎማ ቁጥር ከኔ ይለያል። ላውደርን ገና መልቀቃችን ነው፣ ማደሪያ የያዝነው ኦቱሬሁዋ ነው። መኪና የማያልፍበት መንገድ ስለሆነ ምንም አይገጥመንም ብለን ነው የወጣነው። ማስቲሹ የማይረባ ይመስለኛል። በምን ልተካው?

ባለ ሄልሜቱ
ላውደር የት ነው? ሳናውቅ እንዴት እንርዳሽ?

ዳገት ወዳጅ
ኒውዚላንድ ነው፣ ደቡብ ደሴት። የኦታጎ ሴንትራል የብስክሌት መንገድ፣ ከክላይድ እስከ ሚድልማርች 152 ኪሎ ሜትር። ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር፣ አሁን ጠጠር ነው። ሰላም፣ ከላውደር ኦቱሬሁዋ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀርሻል። መሃሉ ላይ የፑልበርን ገደል፣ ሁለት ዋሻና በድንጋይ ምሰሶ ላይ የቆመው ትልቁ ድልድይ አሉ። እዚያ ውስጥ መኪና ደርሶ ሊያነሳሽ አይችልም። ጎማው ሳይስተካከል ወደ ገደሉ እንዳትገቢ። ይሄን መጀመሪያ ያዢ።

አዲስ ጎማ
አዲስ ካላማዳሪ ግዢና ቀይሪው። አለቀ።

ሰላም በፔዳል
ከየት ልግዛ? ዙሪያዬን በግና ሣር ነው ያለው።

ጋሽ ታሪክ
ልጄ፣ የቆምሽበትን ምድር እወቂው። በ1862 ሃርትሊ እና ራይሊ የተባሉ ሁለት ሰዎች 87 ፓውንድ ወርቅ ተሸክመው ደነዲን ከተማ ገቡ። ወርቁን ያወጡት ዛሬ ክላይድ ካለችበት አጠገብ፣ ከክሉታ ወንዝ ሸለቆ ነው። ወሬው እንደተሰማ ሰዉ ጎርፎ መጣ። መጀመሪያ በሰፌድ ቢጤ መጥበሻ አሸዋ አጠቡ። ቀጥሎ ውሃ በረጅም ቦይ አምጥተው፣ በቧንቧ አፍንጫ እየረጩ ኮረብታውን ናዱት። ሴንት ባታንስ መንደር ያለው ሰማያዊ ሐይቅ ኮረብታ ነበር፤ ቆፍረው ጉድጓድ አደረጉት፣ ጉድጓዱን ውሃ ሞላው። በዚያ አገር የምታይው የድንጋይ ክምርም አንዳንዱ ወርቁ ታጥቦ የተረፈው ነው። ባቡሩን ወደዚያ ያመጣው ወርቁ ነው።

ዳገት ወዳጅ
ጋሽዬ፣ በመጨረሻዋ ላይ አልስማማም። የወርቁ ግርግር 1862 ነው። ሐዲዱ ክላይድ የደረሰው በ1907 ነው። ያኔ ወርቁ በአብዛኛው አልቆ ነበር። ባቡሩ የኖረው በግ፣ ሱፍና ፍራፍሬ እየጫነ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ለክላይድ ግድብ ዕቃ አመላለሰ፣ በ1990 ተዘጋ። በ2000 መንገዱ ሙሉ በሙሉ ለብስክሌት ተከፈተ።

ጎሚስታው ልጅ
ታሪኩን ቆይታችሁ ቀጥሉት፣ ልጅቷ መንገድ ላይ ናት።

ሰላም፣ ማስቲሹን ትተሽ እነዚህን መልሺልኝ። ቀዳዳው የት በኩል ነው? መሬት በሚነካው ወገን ወይስ በቸርኬው ወገን? አንድ ቀዳዳ ነው ወይስ ጎን ለጎን ሁለት? ሁለተኛው የተነፈሰው በራሱ በልጥፉ ነው ወይስ በአዲስ ቦታ?

መልሱ ሥራሽን ይለውጠዋል። በቸርኬው ወገን ከሆነ የራጂ ጫፍ ነው የሚወጋሽ፣ ወይም ራጂውን የሚሸፍነው የቸርኬ ጨርቅ ተንሸራቷል። ጎን ለጎን ሁለት ከሆነ አየሩ አንሶ፣ ሻንጣው ከብዶ፣ ድንጋይ ላይ ተቆንጥጧል። አንድ ቀዳዳ መሬት በሚነካው በኩል ከሆነ ደግሞ የወጋሽ ነገር አሁንም ጎማው ውስጥ አለ። እሱ ሳይወጣ ብትለጥፊ ብትለጥፊ ዋጋ የለውም።

አዲስ ጎማ
እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው። አዲስ ግዢ።

ባለ ሄልሜቱ
እኔ ግን አንድ ነገር ልበል። መኪና አያልፍም ማለት ችግር የለም ማለት አይደለም። መኪና የማያልፍበት መንገድ ላይ የሚያነሳሽም መኪና የለም። ሁለት ትርፍ ካላማዳሪ ሳይያዝ እንዲህ ያለ ጉዞ አይወጣም።

ፀሐይዋ
ወንድሜ፣ አሁን ይሄ ምን ይጠቅማታል? ደግሞ ያ መንገድ ባዶ አይደለም። ብስክሌተኛ ይመላለስበታል፣ ሁሉም የመጠገኛ ዕቃ ይይዛል። ሰላም፣ ብስክሌትሽን ገልብጠሽ መንገዱ ዳር አቁሚው። የሚያልፍ ሁሉ ይጠይቅሻል። የጎማሽን ቁጥር በቃልሽ ያዢ፣ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ካላማዳሪ ያለው ካገኘሽ ቫልቩ በቸርኬሽ ቀዳዳ የሚገባ መሆኑን እዪ።

ሳቂታው
ጎማው ውስጥ ሣር ጠቅጥቂበትና ንጂ! በጉም ይከተልሻል፣ አጃቢ አገኘሽ ማለት ነው 😄

ጎሚስታው ልጅ
ሣሩ ባዶ ሜዳ ላይ ለጥቂት ርቀት ሊያገለግል ይችላል። ሻንጣ ጭኖ በጠጠር ላይ ግን ቸርኬው ይበላሻል። እንዳትሞክሪው።

ሰላም በፔዳል
አንድ ቀዳዳ ነው፣ መሬት በሚነካው በኩል። መጀመሪያ አንድ ትንሽ እሾህ ከውጭ ነቅዬ ነበር። ሁለተኛው የተነፈሰው ከመጀመሪያው ልጥፍ በጣት ርቀት ላይ ነው። ልጥፉም ራሱ ጠርዙ ተነስቷል።

ጎሚስታው ልጅ
ሁለት ችግር አለብሽ እንግዲህ። አንደኛው እሾኹ ነው። ከውጭ ስትነቅይው ጫፉ ተሰብሮ ውስጥ ቀርቷል። ካላማዳሪውን ጎማው ላይ እንደነበረ አስተኚው፣ ቫልቩን በቦታው አድርጊ። ቀዳዳው ጎማው ላይ የት እንደሚያርፍ ያሳይሻል። እዚያ ቦታ ጎማውን ወደ ውጭ ገልብጠሽ እጠፊው። ጫፉ ብቅ ይላል። ካልታየሽ ጨርቅ በቀስታ ጎትቺበት፣ ይይዘዋል። በጣት አትዳብሺው፣ ይወጋሻል። ሲገኝ በጥፍር መቁረጫ ወይም በቢላ ጫፍ ከውስጥ በኩል አውጪው።

ሁለተኛው አለጣጠፉ ነው። ማስቲሹ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ቸኩለሽ ይሆናል። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ፈትጊው፣ ላዩ ላይ ያለችው ቀጭን መስመር እስክትጠፋ። የብርጭቆ ወረቀት ከሌለሽ ሸካራ ድንጋይ ይሠራል። ማስቲሹን ከልጥፉ ሰፋ አድርገሽ ስስ ቀቢ። ከዚያ ጠብቂ። ማብረቅረቁ ጠፍቶ ሲነካ እስኪደርቅ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። እርጥብ ላይ የተለጠፈ ሁሉ ጠርዙ ይነሳል። ለጥፈሽ አጥብቀሽ ተጫኚው። ደግሞ ልሞክረው ብለሽ ከጎማው ውጭ አብዝተሽ እንዳትነፊው። ላስቲኩ ሲለጠጥ ልጥፉ ይላቀቃል።

ፀሐይዋ
በዚያ ላይ ከባዱን ሻንጣ ወደ ወንድምሽ ብስክሌት አዛውሪው። ክብደቱ የሚያርፈው የኋላ ጎማ ላይ ነው። ቁጥራቸው አንድ ከሆነ የፊቱንና የኋላውን ካላማዳሪ ማቀያየርም ይቻላል፣ የተለጠፈው ፊት ይግባ። ማደሪያችሁም አሁኑኑ ደውሉ፣ ኔትወርክ እያለ። እንዘገያለን በሉ። መኪና ሊልኩላችሁ ከቻሉ ላውደር ድረስ ተመለሱና እዚያ ጠብቁ።

ዳገት ወዳጅ
የዋሻውን መብራት አትርሱ። ሁለቱም ዋሻ ውስጡ ጨለማ ነው። ቢመሽባችሁ ከዋሻው ይልቅ ድልድዩን ፍሩ፣ 37 ሜትር ከፍታ አለው፣ ነፋስ ካለ ወርዳችሁ ግፉ። ዳገቱ ግን አያስቸግርም። ለባቡር የተሠራ ስለሆነ በ50 ሜትር ርቀት ከአንድ ሜትር በላይ አይወጣም።

ሰላም በፔዳል
አገኘሁት!! የቀጋ እሾህ ጫፍ ይመስላል፣ ጥቁርና ጠንካራ። ሌላም ቁራጭ ነበረ፣ እሱንም አወጣሁ። አሁን ማስቲሹ እየደረቀ ነው። ወንድሜ እየደወለ ነው።

ጋሽ ታሪክ
ልክ ነሽ፣ የቀጋ ዘመድ ነው። አውሮፓውያን ያመጡት የዱር ጽጌረዳ ነው፣ ያንን ሸለቆ ሞልቶታል። ማታጉሪ የሚባል የአገሩ ቁጥቋጦም አለ፣ እሱ ይብሳል። አሌክሳንድራ ከተማ ዙሪያ ያለው ጦስኝም መጤ ነው።

የዳገት ወዳጅን እርማት ተቀብያለሁ። ኦቱሬሁዋ ስትደርሱ ግን የሄይስን የብረታ ብረት ወርክሾፕ ሳታዩ እንዳታልፉ፣ መንገዱ ዳር ነው። ኧርነስት ሄይስ በ1895 የጀመረው ነው፣ የአጥር ሽቦ መወጠሪያ የፈለሰፈ ሰው ነው። ዕቃውን ለገበሬው የምታስተዋውቀው ሚስቱ ሐና ነበረች። በብስክሌት! ያኔ ይህ የተደላደለ መንገድ አልነበረም፣ የገበሬ ጥርጊያ ነበር። ልጄ፣ አንቺ ዛሬ የምትሄጂበትን አገር እሷ በፔዳል ዞራዋለች። ያንን ወርክሾፕ ያላየ ሰው የዚያን መንገድ ግማሹን ነው ያየው እላለሁ።

አዲስ ጎማ
ሰላም፣ ኦቱሬሁዋ ስትደርሺ አዲስ ካላማዳሪ ግዢ።

ፀሐይዋ
ኦቱሬሁዋ ትንሽ መንደር ናት። ማደሪያቸውን ቢጠይቁ ይሻላል።

ቀጣዩ ተጓዥ
እኔም ይሄንኑ መንገድ ልሄድ ነው፣ ከሚድልማርች ተነስቼ። እሾኹን አስቀድሞ መከላከያ አለ?

ጎሚስታው ልጅ
አለ። ካላማዳሪው ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ መድፈኛ ግዛ፣ የእሾህ ቀዳዳን ወዲያው ይዘጋል። ቫልቩ ውስጡ የሚፈታ ዓይነት መሆን አለበት፣ ካልሆነ ፈሳሹ አይገባም። ለፎቶ ስትቆም ብስክሌቱን ሣሩ ላይ አታስተኛው፣ አብዛኛው እሾህ የሚገባው መንገዱ ላይ ሳይሆን ዳር ላይ ነው። ማታ ማታ ጎማህን አዙረህ እይ፣ የተሰካ ካለ ሳይዘልቅ ንቀል። ሁለት ትርፍ ካላማዳሪም ያዝ። ባለ ሄልሜቱ በዚህ ነገር ልክ ነበር።