ሉካንዳ፣ ሁዳዴና አሥራት፦ የሱቅ፣ የቤትና የቤተ ክርስቲያን ብር እንዴት ይለያይ?

የቄራ ሰፈር (ጠያቂ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አባታችን ከሥጋ ቆራጭነት ተነስተው የራሳቸውን ሉካንዳ የከፈቱ ሰው ናቸው። ሁዳዴን 55ቱንም ቀን ይዘጋሉ፤ ይህን የሚያስቀይር ምክር አንፈልግም። የቸገረን የሱቁ፣ የቤቱና የአሥራቱ ብር ከአንድ መሳቢያ መውጣቱ ነው። ጾሙ ሲጋመስ ኪራይና ደመወዝ ያጥራል፣ ለፋሲካ በሬ መግዣም ብድር ይገባል። በወር ሽያጭ 900,000 ብር ገደማ ነው፤ ለከብትና ለእርድ 720,000፣ ለኪራይ፣ ለአምስት ሠራተኞችና ለመብራት 90,000 ይወጣል። ለቤት 30,000። የጾሙ መጠባበቂያ ስንት ይሁን? አሥራቱስ ከየቱ ይሰላ? ውርሱንም በጤናቸው ሳሉ መልክ ማስያዝ ይፈልጋሉ።

መዝገብ ያዥ፦
ከመጠባበቂያው ልጀምር። የሱቁ ወጪ በቀን 3,000 ብር ነው፤ በ55 ቀን 165,000 ይሆናል። የቤቱ በቀን 1,000፣ በ55 ቀን 55,000። ድምሩ 220,000።

ስህተት የሚፈጠረው ይህን ለ12 ወር ሲያካፍሉት ነው። ሁዳዴ በየዓመቱ ቦታ ይቀይራል፤ በ2017 የካቲት 17 ገባ፣ በ2018 የካቲት 9፣ በ2019 ደግሞ የካቲት 29 ይገባል። ከአንዱ ፋሲካ እስከ ቀጣዩ አንዳንዴ 385 ቀን ይሆናል፣ አንዳንዴ ግን 350 ብቻ። ስለዚህ በአጭሩ ዓመት አስሉት፦ 350 ሲቀነስ 55፣ 295 ቀን። 220,000 ለ295 ሲካፈል 750 ብር ገደማ ይመጣል። ከዚህ 560ው የሱቁ፣ 190ው የቤቱ ነው። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ፣ ሌላ ወጪ ሳይነካው፣ ወደ ተለየ የባንክ ደብተር ይግባ። በወር አንዴ እናስገባለን ካላችሁ በሬ ይገዛበታል።

ረቡዕና ዓርብም የምትዘጉ ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ ጾም የለም፤ የቀረው 245 ቀን 35 ሳምንት ስለሆነ 70 ቀን ይቀነሳል። 225 የሽያጭ ቀን ይቀራል፣ የቀን መጠባበቂያውም ወደ 980 ብር ይወጣል።

የቅበላ ሳምንት ሽያጭ ብዙዎችን ያሳስታል። ያ ብር ትርፍ ይመስላል እንጂ ውስጡ የፋሲካ በሬ መግዣ አለበት። ፋሲካ ሲቃረብ የከብት ዋጋ ስለሚወጣ ያኔ በብድር መግዛት ከሁሉ የከፋ ነው። የቅበላውን የከብት ዋጋ መልሳችሁ ለብቻ አስቀምጡት፤ ከጾሙ መጠባበቂያም ጋር አትቀላቅሉት።

ሠራተኞቹን ያለ ደመወዝ ማሰናበት መፍትሔ አይደለም። የዓመት ፈቃዳቸውን ከሁዳዴ ጋር ማገጣጠም ይቻላል፣ ግን በ2011 በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ፈቃዱ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ 55 ቀን አይሸፍንም። ደግሞስ ጥሩ ሥጋ ቆራጭ በጾም ከተለቀቀ በፋሲካ ዋዜማ ሌላ ሱቅ ውስጥ ነው የምታገኙት።

ሰንበት ተማሪ፦
አሥራት ከሽያጭ አይሰላም። ከ900,000 ሽያጭ አሥራት 90,000 ነው፤ የአባታችሁ የወር ትርፍ ደግሞ ያው 90,000 ነው። ሙሉ ትርፉ ወጥቶ ሱቁ በሦስት ወር ይዘጋል። ለነጋዴ ፍሬው ትርፉ ነው።

90,000 ትርፍ፣ የሱቁ የጾም መጠባበቂያ (560 በ30 ቀን፣ 16,800) ሲቀነስ 73,200፤ አሥራቱ 7,320 ብር ይሆናል። መጠባበቂያውን አስቀድማችሁ ከቀነሳችሁ በሁዳዴ የሚከፈለውን ኪራይና ደመወዝ ዳግመኛ አትቀንሱ፤ ከአምላክ ድርሻ ሁለቴ መውሰድ ነው። የቤቱ የወር 30,000 እና የቤቱ የቀን መጠባበቂያ 190 ግን የሚወጡት ከአሥራት በኋላ ነው። ግብሩ በፊት ይቀነስ ወይስ በኋላ የሚለውን አባታችሁ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩበት፤ እኔ በዚህ አልፈርድም።

ዕቁብ ሲወጣ አሥራት አይወጣበትም፤ አሥራት የወጣበት የራሳቸው ብር ተጠራቅሞ ነው የተመለሰው። ለሆቴል በዱቤ የተሰጠ ሥጋ ብሩ ሲገባ ይቆጠር። በኩራት (የመጀመሪያ ፍሬ ስጦታ) እና ስእለት ከአሥራት ጋር አይደባለቁ፤ ስእለት 5,000 ብር ገብቶ «ከአሥራቱ ይታሰብልኝ» አይባልም። ለሰበካ ጉባኤው ሲሰጥም ካርኒ ተቀብሎ ከሱቁ ሰነድ ጋር ማስቀመጥ ነው።

የሕግ ሰው፦
ከላይ ያለው ሁሉ በእናታችሁ ፈቃድ ይሁን። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሠራው) በጋብቻ ውስጥ የተገኘን ገቢ የጋራ ያደርገዋል፤ በአንዱ ስም መመዝገቡ ብቻውን የግል አያደርገውም። በአንቀጽ 68 መሠረት ከ100 ብር በላይ የሆነ የጋራ ሀብት በስጦታ ለመስጠት፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ዋስ ለመሆን የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ገንዘቡ ዛሬ ትንሽ ቢመስልም ሕጉ ይኸው ነው። ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ትልቅ ስጦታ እና የዕቁብ ዋስትና በተለይ በጽሑፍ፣ በሁለቱም ፊርማ ይሁን። ያልተስማማው ወገን ባወቀ በ6 ወር፣ ቢበዛ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል።

ስለ ውርስ፦ በእኛ ፍትሐ ብሔር ሕግ የትዳር ጓደኛ ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይደለችም። እናታችሁ የጋራውን ግማሽ በራሷ መብት ትወስዳለች፤ የአባታችሁ ግማሽ ለልጆች እኩል ይከፋፈላል። ከዚህ የተለየ ከፈለጉ መናዘዝ አለባቸው።

የቄራ ሰፈር፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። ኑዛዜውን በኮምፒውተር ጽፈን እናትና አባታችን አንድ ላይ ቢፈርሙስ? ታላቅ ወንድማችን ደግሞ ያለ ደመወዝ ሱቁ ውስጥ ይሠራል።

የሕግ ሰው፦
አንድ ላይ ከፈረሙ ፈራሽ ነው፤ ሕጉ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰነድ እንዲናዘዙ አይፈቅድም። ለየብቻ ይጻፉ። በግል የሚጻፍ ኑዛዜ ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ ተጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ ተነግሮ፣ ቀንና ፊርማ ይኑረው፤ በ7 ዓመት ውስጥ ለውልና ማስረጃ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ካልተሰጠ ይቀራል። ለአባታችሁ የሚሻለው በግልጽ የሚደረገው ነው፤ በኮምፒውተር ሊጻፍ ይችላል፣ በእርሳቸውና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ መነበቡና ቀኑ ይጻፍበታል፣ ሁሉም እዚያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራ ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውልና ማስረጃ ሹም ከሆነ ሁለት ይበቃሉ።

ወንድማችሁን ከዚህ ወር ጀምሮ ደመወዝ ክፈሉት፣ በፔሮል ይፈርም። ያልተከፈለ የ10 ዓመት ድካም በውርስ ክፍፍል ቀን ማስረጃ የለውም፤ እኩል ድርሻ የሚያገኙት ሌሎቹ ልጆችም «በፈቃዱ ነው የሠራው» ይላሉ። ብዙ ቤተሰብ የሚጣላው እዚህ ላይ ነው።

ቢላዋ፦
ስለ ሱቁ አንድ ነገር ልጨምር። በቅበላ ማግስት ፍሪጁን አጥፍታችሁ በረዶው ይቅለጥ፣ በሞቀ ውኃና ሳሙና ታጥቦ ይድረቅ፣ በሩን በእንጨት ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት፤ ተዘግቶ ከከረመ ሽታው በፋሲካ ሥጋ ላይ ይገባል። መክተፊያ ግንዱን ፋቁና ጨው ነስንሱበት፣ ፀሐይ ላይ ግን አታውጡት፣ ይሰነጠቃል። ፍሪጁን ሥጋ ከመግባቱ አንድ ቀን ቀድማችሁ አብሩት፤ ሞተሩ እንቢ ካለም በዋዜማው ሳይሆን ጠጋኝ በሚገኝበት ቀን ታውቃላችሁ።