ጥቆማ፦ ለሽዋን ሴል ካልቸር የሚሆን ሴረምና ላሚኒን ሳይበላሽ ሀዋሳ የሚያደርስ አስመጪ?

ሊያ_ሀዋሳ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከሰው ነርቭ ሽዋን ሴል (የነርቭን ክር የሚሸፍነውን ሴል) ወስደን ላብራቶሪ ውስጥ ልናሳድግ እየተዘጋጀን ነው። ነርቩ በቀዶ ሕክምና ከሚወገድ ቁራጭ በታካሚው ፈቃድ ይመጣል፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴውም አጽድቆልናል። የቸገረኝ ዕቃው ነው። ሴሉን የሚመግበውን ሴረም፣ ሴሉ የሚጣበቅበትን ላሚኒን፣ እንዲባዛ የሚገፉትን ፎርስኮሊንና ሄሬጉሊን እፈልጋለሁ። ሁለት የአዲስ አበባ አስመጪዎች ዋጋ ሰጥተውኛል፤ አንዱ ረከስ ይላል ግን በአውቶቡስ ነው የሚልከው። ሌላኛው በደረቅ በረዶ አሽጎ በአውሮፕላን እልካለሁ ይላል፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

የታቦር_ልጅ፦ አውቶቡሱን እንዳታስቢው! ስሙን አልጠራም፤ እኛ ሴረም ያዘዝንበት አስመጪ ሳጥኑን ጠዋት ጫንኩ አለን። መናኸሪያ ሄደን ስንቀበል ከሻንጣ ሥር ተጨፍልቆ ነበር። አይስ ፓኩ ለብ ብሏል፣ ሴረሙ ቀልጦ ጠርሙሱ ሥር ክር ክር የሚል ዝቃጭ ሠርቷል። ስንደውል «መልሳችሁ አቀዝቅዙት፣ ምንም አይሆንም» አሉን። ገንዘቡም እስካሁን አልተመለሰም።

ሰናይት፦ እኛንም እንዲሁ አድርጎናል አንድ ሰው! ደረሰኝ ይዘሃል?

የታቦር_ልጅ፦ ደረሰኙም ፎቶውም አለኝ። ንግድ ቢሮ ልሄድ ነው።

ብሩክ_ላብ፦ እኔ ከደንበኛዬ ሌላ ዘንድ ሄጄ አላውቅም፣ አልሄድምም። ጓንትና የፒፔት ጫፍ ሲያልቅብኝ በዱቤ ይሰጠኛል። ለልጄ ክርስትና እንኳን ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቷል።

ሊያ_ሀዋሳ፦ ሴረም ይሸጣል ወንድሜ?

ብሩክ_ላብ፦ ሴረም ገዝቼበት አላውቅም፤ ሰውየው ግን እምነት የሚጣልበት ነው።

ሜላት፦ ልጅቷ የጠየቀችው ሴረም ነው፣ ክርስትና የሚመጣ እንግዳ አይደለም! የፒፔት ጫፍ ፀሐይ ላይ ቢውልም የፒፔት ጫፍ ነው።

ብሩክ_ላብ፦ ሰው ለመርዳት በገባሁ ይህ ምን ያስፈልጋል?

የፋና_እናት፦ ስለ ነርቭ ካወራችሁ አይቀር እኔንም እርዱኝ። እናቴ ስኳር አለባት፣ እግሯ እየደነዘዘ ነው። የት ልውሰዳት?

ነርስ_አቶቴ፦ እህቴ፣ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ውሰጃቸው፣ አትቆዪ። እስከዚያ በባዶ እግር አይሂዱ፤ ማታ ማታ የእግራቸውን ሥር እያየሽ ቁስል ፈልጊ፣ እሳቸው ላይሰማቸው ይችላል። ነጣ ብሎ የደነዘዘ ቆዳ ካለም ለሐኪሙ ንገሪ፤ የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያም ሊያ ልታሳድገው የምትለው ሽዋን ሴል ውስጥ ገብቶ ነው ነርቭ የሚጎዳው፤ መድኃኒቱም በነፃ ይሰጣል።

ሀብታሙ፦ ይቅርታ፣ ይህ ሴል አድጎ ምን ያደርጋል?

ጋሽ_ደምሴ፦ የነርቭን ክር የሚሸፍነውና ሲቆረጥም መልሶ እንዲያድግ መንገድ የሚመራው እሱ ነው። የሚያሚ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ፈቃድ አግኝተው ከታካሚዎቹ ከራሳቸው እግር ነርቭ ያሳደጉትን ሴል የአከርካሪ ጉዳት ላለባቸው ሰዎች መስጠት ጀምረዋል፤ መጀመሪያ የፈተኑትም ጉዳት አለማድረሱን ነው።

ሊያ ልጄ፣ ወደ አንቺ ልመለስ። ዋጋ ከማወዳደርሽ በፊት ከሁለቱም የሴረም ናሙና ከነባች (የአንድ ጊዜ ምርት) ቁጥሩ ጠይቂ። ሴረም ከባች ባች ይለያያል፤ ሴሉ ያደገበትን ባች ካገኘሽ ለሥራው በሙሉ የሚበቃሽን ያህል ያስቀምጡልሽ። ሳጥኑን ያመጣው ሰው ፊት ክፈቺው፤ ጠርሙሱ ድንጋይ ሆኖ ካልደረሰ አትፈርሚ። ፎርስኮሊን ዱቄት ስለሆነ መንገድ ይችላል፣ እሱን በአውቶቡስ አስመጪና ገንዘብ ቆጥቢ። ላሚኒን ግን ፍሪጅ ውስጥ ቀስ ብሎ ካልቀለጠ ይረጋብሻል፤ ደጋግሞ ማቀዝቀዝም አይሆንም። ለእሱና ለሴረሙ የአውሮፕላኑን ክፈዪ።

ነርቩ ሲደርስሽ ወዲያው ኢንዛይም ውስጥ አትክተቺው። የውጭ ሽፋኑን ገፈሽ ክሮቹን ሚዲያ (ሴል የሚያድግበት ፈሳሽ) ውስጥ ሳምንት ያህል አቆዪያቸው፤ ሽዋን ሴሉ ማይሊኑን (የነርቭ ክሩን የስብ ሽፋን) ጥሎ ለመባዛት የሚነሳው ያኔ ነው። ከዚያ ሴሎቹን የሚለያዩት ኢንዛይሞች፣ ኮላጅኔዝና ዲስፔዝ። ሚዲያው ላይ 10 በመቶ ሴረም፣ ፎርስኮሊን 2 ማይክሮሞላር፣ ሄሬጉሊን 10 ናኖሞላር። ሽዋን ሴል ቀጭን ነው፣ ሁለት ጫፉ የሾለ፣ እንደ ዓሣ መንጋ ጎን ለጎን ተሰልፎ ይተኛል። ሰፋ ብሎ የተነጠፈ ካየሽ ፋይብሮብላስት (የማያያዣ ሕብረ ሕዋስ ሴል) ነው፤ ሄሬጉሊኑ መንገድ ላይ ከሞተ ፍላስኩን እሱ ይወርስብሻል። ስለዚህ የሽዋን ሴል መለያ የሆኑትን ኤስ100 እና ፒ75 ፕሮቲኖች በቀለም ሳታረጋግጪ «አደገልኝ» አትበዪ።

ሊያ_ሀዋሳ፦ ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሁሉንም ጽፌ ያዝኩት። ናሙና እጠይቃለሁ።

ሰናይት፦ መብራት ሲጠፋስ ለኢንኩቤተሩ (ሴሉ በሙቀት ለሚያድግበት ሣጥን) ምን አስበሻል? እኛ ጋ ስታቢላይዘር የሚጠግን ጎበዝ ልጅ አለ።

ብሩክ_ላብ፦ ደንበኛዬን ጠየቅሁት፣ ሴረም በትእዛዝ አመጣለሁ ብሏል። በደረቅ በረዶ ይሁን በምን አልጠየቅሁትም።

ሜላት፦ ሊያ፣ በመጨረሻ የቱን ያዝሽ?

የፋና_እናት፦ ነርስ፣ ተባረኪ። ሰኞ እወስዳታለሁ።

የታቦር_ልጅ፦ ቀልጦ የደረሰበት ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አቤቱታውን አብረን እናስገባ።